የኋላ ማርሽ መብራት ለ1966ቷ ቮልስ፦ ከአስር ወር በኋላ

አንድ ምሽት ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቷል፤ እግሬ ፍሬን ላይ ነው፤ መኪናዬ አንድ ስንዝር አልተነቃነቀችም። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ግን በድንገት ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ቀጥሎም ራሱ ቁልቁል ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሁለት እናቶች ደንግጠው ወደ ግንቡ ተለጠፉ። ረዳቱ ወርዶ እየሮጠ መጣና መስኮቴን እየደበደበ «ወዴት ነው የምትመጣብን? መብራትህ እኮ በርቷል!» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነበር። ከቤት ስወጣ በጣቴ ያበራሁትን ነጭ መብራት ሳላጠፋው ያን ሁሉ መንገድ ነድቻለሁ።

መብራቱን ካስገጠምኩ አስር ወር ሆኖኛል። ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ ያ ምሽት ነው፤ ያስቆጣኝም መብራቱ ሳይሆን ማብሪያው ነው።

መኪናዬ የ1966 ሞዴል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቮልስዋገን 1300 ናት። የኋላ ማርሽ መብራት የላትም። ፋብሪካው ለአሜሪካ ገበያ በሠራቸው የ1967 ሞዴሎች ላይ ለብቻቸው የሚታሰሩ መብራቶች ጨመረ፤ በ1968 ሞዴል ደግሞ ከፍሬንና ከፍሬቻው መብራት ጋር በአንድ ቤት ውስጥ አስገባቸው። የእኔዋ ለጥቂት አመለጣት። ስትሠራ ባለ 6 ቮልት ነበረች፤ የቀድሞ ባለቤቷ ወደ 12 ቮልት ስለቀየሯት አምፖል ፍለጋ አልተንከራተትኩም።

መብራቱን የፈለግሁት ለጌጥ አይደለም። የምኖርበት ቅያስ ጠባብ ነው፤ መዞሪያ የለውም። ወደ ዋናው መንገድ ለመድረስ ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መንዳት አለብኝ፤ በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው የድንጋይ አጥር አለ። የሰፈሩ መብራት በጠፋ ቀን የምተማመነው በጎረቤቴ ልጅ «ና፣ ና፣ ቁም» ብቻ ነበር። ልጁ ከመኪናዬ ጀርባ በጨለማ ቆሞ እኔን መምራቱ ሁልጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር።

ሱማሌ ተራ ከአንድ ሱቅ ሁለት ክብ መብራት፣ ሽቦና በእጅ የሚጫን ማብሪያ አንድ ላይ ገዛሁ። ሻጩ ያዘዘልኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እዚያው ገጠመልኝ። ማብሪያውን የት እንደሚያስቀምጠው ሳይጠይቀኝ ዳሽቦርዱን በሳው። ያን ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ጭረት እንኳን ያልነካውን የብረት ዳሽቦርድ! «ወንበር ሥር ጎንበስ ከሚሉ ፊት ለፊትዎ ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። እስካሁን ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ሻጩን በልቤ ስንት ጊዜ ተከራክሬዋለሁ። «ጋሼ፣ ዋናው መብራቱ ነው፤ ማብሪያው ምን ያደርጋል? ሲፈልጉ ያበሩታል፣ ሲጨርሱ ያጠፉታል» ይለኛል። ወንድሜ፣ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ስንት እጅ አለው? አንዱ መሪ ላይ ነው፤ ሌላው ከማርሹ ገና መነሳቱ ነው፤ አንገቱ ወደ ኋላ ዞሯል፤ እግሩ ፍሪሲዮኑን በልክ ይዟል። ያን ጊዜ ማብሪያውን ማን ያስታውሰዋል? በጣም በቸኮልኩ ቀን፣ ማለትም መብራቱ በጣም በሚያስፈልገኝ ቀን፣ ሳላበራው ወጥቻለሁ። ደግሞም ይህ መብራት ለእኔ ማያ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ላለው ሰው «እየመጣሁብህ ነው» የሚል ቃል ነው። ወደ ፊት እየሄድኩ ያንን ቃል ከተናገረ ሰው ያስታል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ እንዳሳተው።

ሽቦውን ደግሞ በቁልፉ በኩል ሳያሳልፍ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶታል። እያንዳንዱ አምፖል 21 ዋት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 3.5 አምፔር ይስባሉ። ረስቼው ለአስር ሰዓት ያህል በርቶ ካደረ 35 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ ለእኔ ባትሪ ይህ መሞት ነው። በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መኪናዋን በሰው አስገፍቼ አስነስቻለሁ።

ከዚያች ምሽት በኋላ ወደ አንድ የቮልስ መካኒክ ሄድኩ። ትክክለኛው መንገድ ማርሹ ራሱ መብራቱን እንዲያበራ ማድረግ እንደሆነ ነገረኝ። በኋላ በመጡት ቮልሶች የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አፍንጫ ላይ ለዚሁ የተሠራ ማብሪያ ይገባል፤ በእኔዋ ካምቢዮ ላይ ግን ቀዳዳው የለም። አፍንጫውን ለመቀየር ሞተሩንና ካምቢዮውን ማውረድ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መረጥን። ከኋላ ወንበር ሥር ትንሽ ክዳን አለች፤ ስትነሳ የማርሹ ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይታያል። እዚያ በዘንጉ ስትነካ የምትበራ ትንሽ ማብሪያ አስገባ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባም መብራቱ ይበራ ነበር፤ ምክንያቱም በቮልስ ሁለተኛውም የኋላውም ወደ ኋላ የሚሳቡ ናቸው፤ ማብሪያዋም ዘንጉ መሄዱን እንጂ መዞሩን አትለይም ነበር። የኋላ ማርሽ ሲገባ ግን ዱላው ወደ ታች ተጭኖ ከሁለተኛው ይልቅ ወደ ግራ ስለሚሄድ ዘንጉም የበለጠ ይዞራል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እኔ ከፊት ተቀምጬ ማርሽ እየቀያየርኩ፣ እሱ ጭንቅላቱን ከወንበሩ ሥር ቀብሮ «ድገመው» እያለ ያቺን ትርፍ ዙር አገኛት። ኃይሉን ከቦቢናው (ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ጥቅል)፣ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራው ሽቦ ወሰደና 8 አምፔር ፊውዝ አስገባበት። ሞተሩም መብራቱም ከኋላ ስለሆኑ ሽቦው እዚያው አለቀ።

እንዲህ ከሆነ አምስት ወር ሊሞላው ነው። የመጀመሪያ ቀን ማታ ዱላውን ተጭኜ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ስስበው ቅያሱ በሙሉ ነጣ። ቦዩ ጠርዙ ድረስ ታየኝ፤ የአጥሩ ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ጎረቤታችን እማማ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የቮልስ ሞተር ጩኸት እንኳን አይሰማቸውም። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቅያሱ አፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ «ልጄ፣ ድሮ አጠገቤ ስትደርስ ነበር የማውቅህ፤ አሁን ብርሃኑ ቀድሞህ ይመጣል፣ ተባረክ» አሉኝ። ለዚህ ብቻ እንኳን ያወጣሁትን ገንዘብ ሁሉ ደግሜ አወጣዋለሁ።

ስለ መብራቶቹ የምለው ብዙ የለም። አልዛጉም፤ አምፖል አልተቃጠለም። የቀኙ በክረምቱ ትንሽ ውኃ አስገብቶ ነበር፤ ውኃ የሚከለክለው የጠርዙ ጎማ ተቀይሮ ተስተካከለ። ቮልስ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ዛሬውኑ አስገባ እለዋለሁ፤ ከእጅ ማብሪያ ጋር ከሚሸጥልህ ግን መብራቱን ብቻ ግዛ፣ ማብሪያውን እዚያው ተውለት፣ ዳሽቦርድህንም ለማንም መሰርሰሪያ አትስጥ።

የእኔው ቀዳዳ አሁንም አለ። ማብሪያውን ነቅዬ በጥቁር የጎማ ክዳን ደፍኜዋለሁ። ከዳሽቦርዱ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ክዳን እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን አላገኘሁም።