«ለጊዜው» የተባለው መጋዘን፦ የኦታዋው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም

እ.ኤ.አ. በ1967 ካናዳ ግዛቶቿ በአንድ አገርነት የተዋሐዱበትን (የኮንፌዴሬሽኗን) 100ኛ ዓመት ስታከብር በዋና ከተማዋ በኦታዋ የተከፈተው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም፣ ለሙዚየምነት ታስቦ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ አልገባም። የተሰጠው በሴንት ሎረን ጎዳና የሚገኝ የአንድ ዳቦ አምራች ድርጅት መጋዘን ነበር፤ ያውም «ለጊዜው» ተብሎ። ቋሚ ሕንፃ የመሥራቱ ሐሳብ በየዘመኑ እየተነሣ ሲወድቅ ኖረ። ሙዚየሙ በ1990 ራሱን የቻለ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሲሆን እንኳ ከራሱ በላይ ያለው ያው የመጋዘኑ ጣራ ነበር።

ውሃ ሲያስገባ የኖረው ጣራ በመጨረሻ ሻጋታ አመጣና ሙዚየሙ በሴፕቴምበር 2014 ተዘጋ። ሕንፃው ክፍት ሳለ በቂ ገንዘብ ያልተገኘለት ሙዚየም፣ በሩ ከተቆለፈ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ 80.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተፈቀደለት። ከሦስት ዓመት እድሳት በኋላ ኖቬምበር 17 ቀን 2017 እንደገና ተከፈተ። አሁን የሚያብረቀርቀውን ፊት ለፊቱን አይቶ የሚገባ ጎብኚ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ውስጡን በሌላ ዓይን ያየዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚልቀው የእንፋሎት ባቡሮቹ አዳራሽ ነው። በ1939 የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ስድስተኛን ባቡር የሳበው ሎኮሞቲቭ (ባቡር የሚጎትት ማሽን) ቁጥር 6400 እዚያ ቆሟል። የፊቱ ለስላሳ ሽፋን ለውበት ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭሱ ወደ ነጂው ክፍል ወርዶ ዕይታ እንዳይጋርድ፣ ወደ ላይ እንዲነሣ ለማድረግ በነፋስ መሞከሪያ ተፈትኖ የተገኘ ቅርጽ ነው። ጎማው አጠገብ ቆሞ ቁመቱን ከራሱ ጋር ያላመዛዘነ ሰው ባቡሩን አየሁ ባይል ይሻላል። ለገሃር አካባቢ ያደግን ሰዎች የለመድነው የጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ስለነበረ፣ በ1.435 ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄደው ይህ ማሽን ዓይናችንን ይበልጥ ይሞላዋል።

ሙዚየሙ መጀመሪያ ከተከፈተበት ከ1967 ጀምሮ ያለው «እብዱ ኩሽና» ደግሞ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ከዘመናዊዎቹ ስክሪኖች ሁሉ የተሻለ ያስተምራል። ወለሉ ያዘነበለ ነው፤ ግን ግድግዳው፣ ቁምሳጥኑና ጠረጴዛው አብረውት ስላዘነበሉ ዓይን ቀጥ ያለ ክፍል ነው ብሎ ያምናል፣ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል ግን አይቀበልም። ልጆች እየሳቁ ሲሮጡበት አዋቂዎች ግድግዳ ተደግፈው ይሻገሩታል።

ስክሪኖቹ በዝተዋል፤ ለእኔ ከእነርሱ ይልቅ አንድ ተጨማሪ ሞተር ቢቀመጥ ይሻለኝ ነበር፣ በተለይ ከስብስቡ ለእይታ የቀረበው ጥቂቱ ብቻ በመሆኑ። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ይመድብ፤ ኩሽናውንም ከምሳ በፊት ቢያደርገው ይመረጣል።