ጋሻው የማን ነው? በጅማ የአንድ ቲሸርት አታሚ ቤት ግምገማ

ሂርማታ አካባቢ ያለው ቲሸርት አታሚ ቤት፣ የኮሚክ መጽሐፍ ጀግናው ካፒቴን አሜሪካ (ስቲቭ ሮጀርስ) የጋሻው ወራሽ ማን ነው በሚሉ አድናቂዎች መከራከሪያ ሆኗል። የባኪ ወገን "ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስቲቭ ረዳት ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ.ም ጋሻውን ቀድሞ የያዘው እሱ ነው" ይላል። የሳም ዊልሰን (ፋልከን የሚባለው ባለክንፍ ጀግና) ወገን ደግሞ ባኪ የስቲቭን ቦታ የያዘው ስቲቭ ሞቷል ተብሎ ሲሆን፣ ሳምን ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ራሱ በሕይወት እያለ እንደሾመው ያነሳል። ሚዛን የሚደፋው ይሄ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ቤቱ የሚያትመው በሰብሊሜሽን፣ ማለትም በወረቀት ላይ የታተመን ምስል በሙቀት ወደ ጨርቅ በማስተላለፍ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ነጭ የለውም፤ የጋሻው ነጭ ቀለበትና ኮከብ የሚገኙት ከጨርቁ ነው። ሰማያዊ ቲሸርት ይዞ የሄደ ኮከብ አልባ እድፍ ይረከባል። ነጭ ፖሊስተር ይውሰዱ፤ ጥጥ ላይ ቀለሙ በእጥበት ይለቃል። የሙቀት መጫኛው ማሽን 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ይጫናል። በጅማ ክረምት ጨርቅ እርጥበት ስለሚይዝ፣ ባዶውን ቲሸርት አስቀድመው ለጥቂት ሰከንድ ካልተኮሱት ቀለሙ ይንዠቀዠቃል። ቤቱ ሲጣደፍ ይህንን ይዘላል፤ ቆመው ያስታውሱ። ወረቀቱ በሙቀት ቻይ ቴፕ ካልተያዘ ደግሞ ምስሉ ድርብ ይወጣል። ዋጋው ደህና ነው። የሳምን ክንፍ ዘርግቶ ለማሳተም ግን ኤ4 አይበቃም፣ ኤ3 ይጠይቁ።