ከለገሃር እስከ ጅቡቲ፦ የአሮጌው ምድር ባቡር አገልግሎትና የጉዞ ሰዓት ሲመዘን

አሮጌውን ምድር ባቡር በሰዓት ብቻ የሚመዝን ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጠዋል፤ አልተሳሳተም። በሚያነሳቸውና በሚያወርዳቸው ሰዎች፣ በሚቆምባቸው ትናንሽ ከተሞች የሚመዝነው ግን እስከ ዛሬ ምትክ ያልተገኘለት አገልግሎት ነበር ይላል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ለየብቻ ማየት ያሻል።

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከዚህ ውስጥ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 311 ያህሉን ሲይዝ ቀሪው ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ተራራው ስለከበደ ሐዲዱ ከሥር በቆላው አለፈ፣ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ከተማ ሆነች።

በእንፋሎቱ ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አንደኛው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ይታደራል። ሌሊት አይነዳም። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ የተሠራው ለዚሁ አዳር ነው። ስለዚህ «ሦስት ቀን» ሲባል ባቡሩ ሦስት ቀን ሙሉ ይሮጥ ነበር ማለት አይደለም፤ ቀን ይሄዳል፣ ማታ ያርፋል።

ኋላ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲመጣ፣ ሌሊትም መነዳት ሲጀመር ጉዞው አጠረ። የራሱ ሞተር ያለው ቀላሉ ሊቶሪና ከባድ ባቡር ስለማይጎትት ዳገቱን በተሻለ ይወጣል። ቢሆንም ሰዓቱን የሚወስነው ሞተሩ ሳይሆን ሐዲዱ ነበር፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በሎኮሞቲቩ ላይ ይጥላል።

እንዴት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 473 ኪሎ ሜትር ነው። በአማካይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 10 ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ አማካዩ ወደ 30 ከወረደ ግን 16 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አማካዩን የሚያወርደው ደግሞ «ቀስ» የሚባልበት ቦታ ነው። 50 ሊነዳበት የሚገባ 5 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ10 እንዲታለፍ ከታዘዘ 6 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ 30 ደቂቃ ይበላል። እንዲህ ያለ ቦታ ስድስት ካለ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ጠፋ ማለት ነው። ሞተር ሳይበላሽ፣ አንድም ሰው ሳያጠፋ።

«ቀስ» የሚያስብለውን ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻላል። ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ መስመር ነው፤ ብረቱም ቀጭን። ሐዲዱን ለመሸከም ከሥሩ አግድም የሚነጠፈው ትራቬርስ ከእንጨት ሳይሆን ከብረት ነው፤ በቆላው እንጨት ምስጥ ይበላዋል። የብረት ትራቬርስ ቅርጹ የተገለበጠ ገንዳ ይመስላል፤ ጠጠሩ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ሲጠቀጠቅ ይጸናል። ጠጠሩ በጎርፍ ሲታጠብ ወይም አሸዋ ሲተካው ግን ሆዱ ባዶ ይቀራል፣ ጎማው ባለፈ ቁጥር ይወርድና ይነሳል። ከዚያ በሁለት ሐዲዶች መጋጠሚያ ያለው ብሎን ይላላል፣ መጋጠሚያው ይሰጥማል፣ ቀጣዩ ፉርጎ ይበልጥ ይመታዋል። በጊዜ ጠጠር ተሞልቶ ብሎኑ ካልጠበቀ ፍጥነት ከመቀነስ ሌላ መላ የለም። ካልተቀነሰ ፉርጎው ከሐዲድ ይወጣል። መስመሩ ደግሞ ነጠላ ነው፤ አንድ ፉርጎ ሲወጣ በክሪክ ተነስቶ እስኪመለስ ከላይም ከታችም የሚመጣው ሁሉ ይቆማል። ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት በጣቢያ ብቻ ስለሆነ የአንዱ መዘግየት የሌላው መዘግየት ነው።

መሬቱም አያግዝም። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ድሬዳዋ ላይ 1,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ አዋሽ ላይ ከ1,000 በታች ይወርዳል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ለመግባት ከ2,300 በላይ ይወጣል። መተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጥቶ ሐዲዱ በሙሌት ላይ ውኃውን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ሆኗል። በድሬዳዋ በኩል ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚከርም አሸዋማ ወንዝ በአንድ ሌሊት ዝናብ ሞልቶ የድልድይ እግር ያጥባል።

ፍጥነት ስለምን እንደሚገደብ የሚጠራጠር ካለ ጥር 1977 ዓ.ም.ን ያስታውስ። አዋሽ አጠገብ፣ ገደል ላይ ወዳለው ድልድይ በሚያስገባ ጥምዝ፣ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ወደቁ፤ 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ተብሎ ይነገራል። የዘገየ ባቡር ያስመርራል፤ በዚያ ጥምዝ ግን መዘግየት ሕይወት ነበር።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያለው ጉዞ ሌላ ጠባይ ነበረው። 311 ኪሎ ሜትር በ30 ቢነዳ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ይህ ግን በወረቀት ነው። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ እያለ ሲሄድ በየጣቢያው የሚጫነውና የሚወርደው ዕቃ ከሰው ይበልጣል፤ ድንበር ላይ ደግሞ ፍተሻ አለ። የዚህ ባቡር ደንበኛ በአብዛኛው ቦንዳ ይዛ የምትመላለስ ነጋዴ ሴት ነበረች። ለእርሷ ዋናው ነገር ሰዓቱ ሳይሆን ዕቃዋ አብሯት መሄዱ ነው። በዚህ መለኪያ አገልግሎቱ ጥሩ ነበር።

ዋናው ጥንካሬው ግን ከመኢሶ እስከ ድሬዳዋ ባለው መሐል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ መኢሶ አውራ ጎዳናውና ሐዲዱ ሳይራራቁ ይሄዳሉ። መኢሶ ላይ ይለያያሉ፤ መኪናው ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርናና ቁልቢ ደጋ ይወጣል፣ ባቡሩ በአፍደም፣ በቢኬ፣ በጎታ፣ በኤረርና በሁርሶ ቆላውን ይዞ ይቀጥላል። ለእነዚህ ከተሞች ባቡሩ ከአማራጮች አንዱ አልነበረም፤ መንገዱ ራሱ እርሱ ነበር። ወተት፣ ፍየል፣ የኤረር ፍራፍሬ፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ፣ ሁሉም የሚወጣው በእርሱ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መንገደኛ ባቡር ሲቀር ትልቁ ጉዳት የደረሰው እዚህ ነው፤ አዲስ አበቤው አውቶቡስ አለው።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ የሚያጓጉዘው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በፍጥነት አይወዳደሩትም፤ ሐዲዱ ሰፊ፣ ለ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተሠራ ነው። ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ለገሃር መሐል ከተማ ሲያወርድ ፉሪ ለቡ ዳር ላይ ነው፣ በድሬዳዋም አሮጌው ጣቢያ ካለበት ከከዚራ ሰፈር እምብርት ወጥቶ ነው የሚሳፈሩት። የጉዞ ሰዓት ሲሰላ ይህ የታክሲ ጊዜ መደመር አለበት። ሁለተኛ፣ በቆላው የዕቃ ባቡር የሚተላለፍባቸው ጣቢያዎች ቢኖሩም መንገደኛ ባቡሩ የሚቆመው በጥቂቶቹ ነው። ፍጥነቱ የተገኘው በከፊል ባለመቆም ነው።

አሮጌውን መስመር ዛሬ ማየት ለሚፈልግ ከለገሃር ይልቅ ድሬዳዋ ይሻላል። የለገሃር ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀና ያማረ ነው፤ ባቡሩ የሚገባህ ግን ጥገናው ይደረግ የነበረበት የድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። በቅድሚያ ጣቢያው በር ላይ ፈቃድ ጠይቁ፣ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ግቡ። የቆሙትን ሎኮሞቲቮች አይታችሁ ከረካችሁ በኋላ ሐዲዱ ላይ ወርዳችሁ አንድ መጋጠሚያ ፈልጉ፤ በሁለቱ ብረቶች ጫፍ ላይ ጎማው እየመታ ያጎደጎደው ጠባሳ እስከ አሁን ይታያል።