ኪስ የሌለው ጉርድ፦ የለበስኳቸው ዩኒፎርሞች

ነሐሴ ሲጋመስ የሰፈራችን ወሬ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ዩኒፎርም። ማን ጋር ይሰፋ? ጨርቁ የት ይገኛል? ትምህርት ቤቱ ዘንድሮም ከውጭ ማሰፋት ከልክሏል ወይ? እኔ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ ተፈትኛለሁ። እስከ ስምንተኛ የግል ትምህርት ቤት፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ ደግሞ የመንግሥት ነው የተማርኩት። ስለዚህ የሁለቱንም በደንብ ለብሼዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ይገባል፤ እናቴ ስለ ልብሱ የምታማክረው እኔን ነው። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ዩኒፎርም ይኑር ባይ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ይቅር የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ ደብሮናል፣ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሆንን ይላሉ። ይገባኛል። ግን ከለር ደይን አይተናል። የአሥራ ሁለተኛ ተማሪ የፈለገውን የሚለብስበት፣ እየተሳሳቁ ፎቶ የሚነሱበት ቀን ነው። በጣም ደስ ይላል፣ ለደረሰው። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ግን ማን ምን ሊለብስ ነው የሚለው ወሬ ክፍሉን ይሞላዋል። የክፍሉ ቲሸርት ይሠራና ብር ይሰበሰባል። በዚያ ቀን አሞኝ ነበር ብለው የሚቀሩ ልጆች አሉ። አንዷ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ናት። አልታመመችም። ቲሸርቱን የምትገዛበት ስላልነበራት ነው፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። ይሄ በዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው። በየቀኑ ቢሆን ስንት ሰው እንደሚቀር አስቡት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይልበሱ ወይስ አይልበሱ የሚለው አይደለም። የምንለብሰው ነገር እንዴት ነው የተሰፋው? እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ከግሉ ልጀምር። የቀድሞ ትምህርት ቤቴ ዩኒፎርሙን የሚሸጠው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ሹራቡ ላይ ሎጎ ስላለ ከሌላ ቦታ ማምጣት አይቻልም። በ2012 ሰባተኛ ስገባ ጉርድ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብና የስፖርት ቱታ በ1,800 ብር ገዛን። ለእኛ ቤት ቀላል ብር አልነበረም። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ስንመለስ እኔ አድጌ ጉርዱ ከጉልበቴ በላይ ወጥቷል። እናቴ ጠርዙን ፈትታ ልታስረዝመው ገለበጠችው። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ አንድ ጣት አይሞላም። የሚለቀቅ ነገር የለም! በጎንም እንደዚያው፤ ስፌቱ ጨርቁ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ለሚያድግ ልጅ የሚሰፋ ልብስ ቢያንስ አራት ጣት እጥፋት ሊተውለት ይገባል። ይሄን የትኛውም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል። ያንን ጉርድ የቆረጠው ሰው ጨርቅ ቆጥቦ እናቴን ሌላ አስገዝቷታል።

ጨርቁ ፖሊስተር ብቻ ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ ሽንሽኑ ሳይተኮስም ይቆማል፤ ቶሎም ይደርቃል። ግን ላብ አይመጥም። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እሱን መልበስ ጭንቅ ነው። ሹራቡ አክሪሊክ ነው፤ ቦርሳ የሚያርፍበት ትከሻና ክርን ላይ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ድብልብል ያለ ጥቃቅን ክር አወጣ። እጅጌው ተለጥጦ መዳፌን ይሸፍናል። አክሪሊክ በሙቅ ውኃ አይታጠብም፣ ትኩስ ካውያም አይነካውም፤ ቅርጹን ያጣል። ይሄን ማንም አልነገረንም። ዋጋውን ከጥራቱ ጋር ሳየው ያንን ዩኒፎርም ለማንም አልመክርም። ምርጫ የሌላቸው ወላጆች ግን ይገዙታል፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስዛወር ነገሩ ተለወጠ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ መስጠት ጀምሯል። በተማሪነት ያየሁት ትልቁ በጎ ነገር ይሄ ነው። እናቴ መስከረምን ያለ ብድር የተሻገረችው እኔ ዘጠነኛ ስገባ ነው። ጓደኞቼ በታላላቆቻቸው አሮጌ ሹራብ መምጣት አቆሙ። ቀለሙ ስለነጣ ሹራብ በር ላይ ስትጠየቅ የምታለቅስ ልጅም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የደረሰኝ ልብስ ሰፊ ነበር። ትከሻው ወርዷል፣ የጉርዱ ወገብ ሁለቴ ይዞረኛል። ይዤው ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናቸውን ዘርግተው ነው የሚሠሩት። ገልበጥ አድርገው ስፌቱን አዩትና ደስ አላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ሰፊ ይጠባል። የጠበበው ነው መከራ» አሉኝ።

ወገቡን አስገብተው፣ ትርፉን ጨርቅ ሳይቆርጡ ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፉት። በነጋታው ወሰድኩ። ያ ጉርድ እስከ አሥረኛ መጨረሻ አገልግሎኛል፤ ባደግሁ ቁጥር እሳቸው ይለቁልኛል። ልብስ ሰፊዬን አምስት ከአምስት እሰጣቸዋለሁ። አንድ የሚያስቸግር ነገር ቢኖር ጳጉሜ ላይ ወረፋቸው አይቀመስም፤ ቀድሞ መሄድ ነው።

የሚደርሰን በዓመት አንድ ሙሉ ልብስ ስለሆነ ዓርብ ማታ ይታጠባል። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ሹራቡ ሰኞ ጠዋት እንደረጠበ ይለበሳል። ስለዚህ የሚችል ሰው አንድ ትርፍ ሸሚዝና ሹራብ ቢጨምር ጥሩ ነው። ለጉርድና ለሱሪ መርካቶ ሸማ ተራ ወርዶ ቴትሮን የሚባለውን ጨርቅ በሜትር መግዛት ይቻላል። ቀለሙን በቃል አትንገሩ፤ ከልብሱ የውስጥ ስፌት ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁር ሰማያዊ የሚባለው ብቻ ስንት ዓይነት አለ መሰላችሁ! ቁራጩን ከጣቃው ጋር የምታስተያዩት ደግሞ ሱቁ ውስጥ በመብራት ሳይሆን ደጅ ወጥታችሁ ነው። ሙስሊም ጓደኞቼም ለሒጃብ የሚሆን ጨርቅ የሚያገኙት እንደዚሁ ነው፤ የሹራቡን ክር ይዘው ይዞራሉ። ጥጥ የተቀላቀለበትን ጠይቁ። ጨበጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ትንሽ ከተጨማደደ ጥጥ አለው ማለት ነው። ምንም ካልተጨማደደ ፖሊስተሩ በዝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ኪስ።

የወንዶቹ ሱሪ አራት ኪስ አለው። የእኛ ጉርድ አንድም የለውም። የግሉም የመንግሥቱም፣ እህቴ የለበሰችውም ከእሷ በፊት የነበረውም። የታክሲ ብር በእጅ ይያዛል ወይ ካልሲ ውስጥ ይገባል። እስክሪብቶ ፀጉር ውስጥ ይሰካል። ይሄ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው።

የወር አበባ ክፍል ውስጥ ይመጣል። ሞዴሱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስልሳ ምናምን ልጅ ፊት ቦርሳ ይዞ መውጣት አለ፤ ወይም ሞዴሱን በሹራብ እጅጌ ሸጉጦ፣ እጅን ደረት ላይ አጣብቆ መሄድ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሄደው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከእጅጌዋ ወደቀባት። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁ። ልጅቷ ያን ሳምንት አልተመለሰችም። አንድ ኪስ ቢኖራት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። አንድ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ነው እኮ!

አሥራ አንደኛ ስገባ ጋሼን ኪስ ያውጡልኝ አልኳቸው። «የሴት ጉርድ ላይ?» አሉ። አዎ፣ በጎኑ ስፌት ውስጥ፣ ከላይ እንዳይታይ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ሴት ልጆች አሏቸው። ከሱሪ ገበር የተረፈች ነጭ ቁራጭ አወጡ፣ የቀኙን ጎን ከወገቡ በታች አንድ ስንዝር ፈቱ፣ ከረጢቷን አስገብተው ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ሰፉባት። አፏ ስፌቱ ውስጥ ስለገባ ቆማችሁ ስታዩት ኪስ መኖሩ አይታወቅም። 80 ብር ከፈልኩ። በሳምንቱ የክፍላችን ሴቶች እሳቸው ጋ ተሰለፉ።

ቀለምም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለሴቶች ደብዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ክሬም ጉርድ ይመርጣሉ። ሰልፍ ላይ ያምራል። የለበሰችው ልጅ ግን ከወንበሯ በተነሳች ቁጥር ጓደኛዋን «ከኋላዬ እዪልኝ» ትላለች። እባካችሁ ጠቆር ያለ ቀለም ምረጡ። ያኔ ሹራብ ወገብ ላይ ማሰርም ይቀንሳል።

ስለ ሹራብ ካነሳሁ በር ላይ ያለውንም ልናገር። ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር ክልክል ነው። አንዷ ጓደኛዬ አስራ ስትገባ ተቆጣጣሪው አስቆማት። ልበሺው አላት፣ ዝም አለች። ልበሺው እያልኩሽ ነው! ከኋላዋ የቆምነው ሴቶች ሁላችን ገብቶናል፤ እሱ ብቻ አልገባውም። በመጨረሻ አንዲት መምህርት ደርሳ ይዛት ገባች። ደንቡን አልቃወምም። በሩ ላይ ግን ቢያንስ አንዲት ሴት ትቁም።

የወንዶቹ ቅሬታ ሌላ ነው። ሱሪ ማስጠበብ። ሱሪው ሰፊ ሆኖ ሲመጣ ያስጠብቡታል፤ ከዚያ በጣም ጠቧል ተብለው ከበር ይመለሳሉ። የት ድረስ ነው የሚፈቀደው ቢሉ የሚነግራቸው የለም። ሰኞ ያለፈው ሱሪ ሐሙስ ይያዛል፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ስለተቀየረ ብቻ። ፀጉርም እንደዚሁ። እኛ ጋ አንድ ጊዜ የአንድ ልጅ አፍሮ መሐሉ ላይ በመቀስ ተገምጦ፣ ሄደህ ተላጭተህ ና ተብሏል። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ የዚያን ቀን ፈተና አምልጦታል። ይሄ ሥርዓት ማስያዝ አይደለም፣ ማዋረድ ነው። የፀጉሩና የሱሪው ልክ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ መስከረም ውስጥ አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ይነበብ፣ በሩ ላይም ይለጠፍ። አብዛኛው ልጅ ያከብረዋል። ከትምህርት ፎርፎ የሚወጣው ልጅ እንደሆነ ቦርሳው ውስጥ የሚቀይረው ቲሸርት ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱን የሱሪ ስፋት አይመልሰውም።

ዩኒፎርም የሚመርጡ ሰዎች ይሄን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ። ተማሪም በስሙ ውስጥ አለ። ቀለምና ስፌት ሲወሰን ከሴት ተማሪዎች ሁለቱን አስገቡና ናሙናውን አልብሷቸው። ይቀመጡበት፣ ደረጃ ይውጡበት፣ ይሩጡበት። ሻጩም ጠርዙን ገልብጦ ያሳያችሁ።

ለወንድሜ ያዘዝነው ሱሪ ወገቡ ሁለት ጣት የሚለቀቅ፣ እግሩ አራት ጣት እጥፋት ያለው ነው። ጉልበቱ ላይ በውስጥ በኩል ገበር ይገባበታል፤ ኳስ ይወዳል። ሹራቡን እናቴ አንድ ቁጥር አስበልጣ ትገዛለታለች። ጋሼ ዘንድሮ ሱሪ ለማስገባት 200 ብር፣ ለኪስ 150 ብር ነው የሚጠይቁት። ጨርቅ የምታመጡ ከሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አድርሱላቸው፤ ጳጉሜ ላይ የመጣውን ለመጀመሪያው ሳምንት አላደርስም ብለዋል።