አሮጊቷ ያማሃ ከ14 ወር በኋላ

ሞተር መንዳት የተማርኩት በዚችው ዓይነት ላይ ነው። የግብርና ባለሙያ ሆኜ ደምቢያ ስመደብ የተሰጠችኝ ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሆንዳም ሱዙኪም ነድቻለሁ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ግን አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ አንዷን ሸራ ለብሳ ቆማ አየኋት። ባለቤቴ "ሰው ጡረታ ሲወጣ በግ ያረባል" አለችኝ። እኔ የአዲስ ቦክሰር ሞተር ዋጋ ሲሶውን ከፍዬ ሞተሯን ይዤ ገባሁ። (አሮጌ ሞተር የምትገዙ ሰዎች፣ ከሞተሩ በፊት ሊብሬውን እዩ።)

ለማያውቃት፣ 97 ሲሲ ናት፣ ባለ ሁለት ምት፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር የምታቃጥል። ኤጂ ማለት አግሪካልቸር ነው፤ ከመነሻው ለእርሻ ሥራ የተሠራች ናት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ ሽፋን ውስጥ ነው። የደምቢያን ዋልካ በክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በ14 ወር ውስጥ ካቴና የወጠርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የጎን ማቆሚያዋም በግራም በቀኝም አለ። ጎንደር ውስጥ ሜዳ ፈልጎ ሞተር ማቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ጠዋት አነሳሷ ሥርዓት አለው። ቤንዚኑን እከፍታለሁ፣ አየሩን እዘጋለሁ፣ ቁልፉን ሳልከፍት ሁለቴ በቀስታ እረግጣለሁ። ከዚያ ቁልፉን ከፍቼ አንድ ጠንከር ያለ እርግጫ። በበጋ በአንዴ ትነሳለች። በነሐሴ ብርድ አራትም አምስትም ያስረግጣል። ከዚያ ሰማያዊ ጭሷ ግቢውን ይሞላዋል። ጎረቤታችን "ጋሼ፣ ዛሬም ዕጣኑን አጨሱት?" ትለኛለች።

ትልቁ ጣጣ ከፍታው ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፣ ለቆላ የሚሰጠውን ቤንዚን ለደጋም ይሰጣል። ቤንዚኑ ይበዛባትና ትታፈናለች። መጀመሪያ ሰሞን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስወጣ ኮሶዬ ላይ ልትቆምብኝ ሆነ። ዳር ይዤ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምታቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁ። እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁራለች፣ ደግሞም እርጥብ ናት። በጨርቅ ጠረግኳት፣ ጫፏን በክብሪት ቀፎ ጎን ፈገፈግኩ፣ መልሼ አሰርኩ፣ ተነሳች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጄ ቦክሰሩ ሲቆምበት መጀመሪያ የሚያወጣው ስልኩን ነው።

ቤት ስመለስ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ጠበብ ባለች ቀየርኳት። አሁን ካንዴላዋን ስፈታ የገብስ ቆሎ መልክ አላት። ትክክለኛው መልክ እሱ ነው። ወደ መተማ የምትወርዱ ከሆነ ግን የድሮዋን መልሱ። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚን ያንሳትና ሞተሩ ይግላል።

በስድስተኛው ወር ጉድ ሆንኩ። ይቺ ሞተር የራሷ የዘይት ሳልባትዮ አላት፤ ትንሽ ፓምፕ በነዳጅ መስጫው ልክ እየለካ ዘይት ይሰጣታል። አንድ ጋራዥ የዘይቱን ቱቦ ቀየረና ውስጡ የቀረውን አየር ሳያስወጣ ገጠመው፤ አየር የያዘ ቱቦ ደግሞ ዘይት አያሳልፍም። "አለቀ ጋሼ፣ ይንዱት" አለኝ ልጁ። የቁስቋምን ዳገት ሳጋምስ ድምጿ ቀጠነ፣ ጉልበቷ ከዳት። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ስጨብጥ ዘግይቻለሁ፤ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ቀረ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ነክሶ ቀርቷል። ፒስተንና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ሲሊንደሩም ተርኖ ቤት ገብቶ ተቦረቦረ። ልጁን ብቻ አልወቅስም። ቱቦ ከተነካ አየሩ መውጣት እንዳለበት፣ ለመጀመሪያው ሙሌት ደግሞ ቤንዚኑ ውስጥም ዘይት መቀላቀል እንዳለበት እኔ ከሱ ዕድሜ በፊት ነው የማውቀው። ቡና ቀጠሮ ነበረኝ፣ ቸኮልኩ።

ሌላው በአጭሩ፣ መብራቷ ሻማ ነው፤ ከመሸ አልነዳትም። የከበሮ ፍሬኗ ውኃ ከገባበት የመጀመሪያውን ጭበጣ አትቁጠሩት። በኔ አነዳድ፣ በኛ ዳገት፣ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች፤ ማደያ ተሰልፌ ልጄ የሚስቅብኝ በዚህ ነው። በዚያ ላይ የዘይቱ ወጪ አለ። ጭሱን በተመለከተ ምንም መከላከያ የለኝም። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ከኋላዬ ሲቆም ተሳፋሪዎቹን ላለማየት አንገቴን አዞራለሁ።

ሥራ ቦታ በሰዓቱ መድረስ ያለበት ሰው ቦክሰር ይግዛ። መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የኔዋ ጊዜ ያለው ሰው ትፈልጋለች፣ ጥቁር ጥፍር የማያሳፍረው።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አንድ የወገራ ሰው ዞር ዞር እያለ አያት፣ የካቴናውን ሽፋን በጣቱ አንኳኳ፣ ከገዛሁበት እጥፍ ጠራልኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። እኔን አላየችኝም፤ "አይሸጥም፣ አይልፉ" አለችው። ሰኔ ሳይገባ የፊት ጎማና የፍሬን ሸራ ይቀየርላታል።