ጁገልን በሹዋሊድ ወይስ በአሹራ?

ሐረር፣ በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማዋ ጁገል፣ ለበዓል ልትሄዱ ካሰባችሁ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ ይመጣል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ይመታል፣ ዚክሪ (መንፈሳዊ ዜማ) ይባላል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ቀጭ ቀጭ ሲል እግራችሁ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ሴቶቹ ደግሞ የለበሱት ቀለም! ጨዋታና ሰው ለሚወድ ይሄ ነው።

አሹራ ሌላ ነው። በእስልምናው አቆጣጠር የመጀመሪያ ወር በሆነው ሙሐረም 10 ላይ ገንፎ ይገነፋል፣ ቅቤ ይፈስበትና ለጅብ ይቀርባል። ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያል። ጅቡ ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባላል። እኔን ብትጠይቁኝ አሹራን እመርጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ የት ይገኛል? ብቻ ሁለቱም በዚሁ የእስልምና (የሂጅራ) አቆጣጠር ስለሚሄዱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ይላሉ፣ ቲኬት ሳትቆርጡ ቀኑን አጣሩ።