የተቀደደ የባለ አንድ ጎማ ሳይክል መቀመጫ ደሴ ላይ አሠራሁ፤ እጃቸው ይባረክ!

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ባለ አንድ ጎማ ሳይክል የምትነዱ ልጆች አላችሁ፤ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። መቀመጫችሁ ከተቀደደ አትጣሉት። በፕላስተር ጠቅልላችሁም አትንዱት። ሰኞ ገበያ አካባቢ የባጃጅ ወንበር የሚሰፉ አንድ አባት አሉ፤ የእኔን ሠርተውልኛል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ካየሁ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ችግሩን ልንገራችሁ። የእኔ መቀመጫ ያለቀው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ጫፍና ጫፉ ነው። ሰው ሁሉ "ቁጭ የምትለው መሃሉ ላይ፣ እንዴት አፍንጫው ይቀደዳል?" ይለኛል። ይሄ ሳይክል መሪ የለውም። ሚዛን ስትስቱ እናንተ በእግራችሁ ትቆማላችሁ፣ እሱ ግን ወይ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ይዘረራል፣ አስፋልቱን የሚመታው ደግሞ የመቀመጫው አፍንጫ ወይም ጭራው ነው። ለዚያ ነው ሁለቱም ጫፍ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ መከላከያ የሚታሰርለት። የእኔ የፊተኛው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በወደቀ ቁጥር የሚላጠው የመቀመጫው ልብስ ሆነ። ክረምት ገባ፣ የደሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ስፖንጁ ውሃ ጠጣ። ቁጭ ስል ጭምቅ ይልና ሱሪዬን ያርሰዋል።

አዲስ እንዳልገዛ እዚህ አይገኝም። የተራ ሳይክል መቀመጫ ደግሞ አይሆንም፤ የኛ ረዥም ነው፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ከፊቱ መያዣ ያለው፣ ከታች በአራት ብሎን የሚታሰር።

መጀመሪያ የወሰድኩት ጫማ ሰፊ ጋ ነበር። ስሙን አልጠራም። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ቆዳ አድርጎ በወፍራም ክር ዙሪያውን ሰፋው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ስፌቱ ግን የወጣው ጠርዙ ላይ፣ ልክ ጭን የሚያልፍበት ቦታ ነው። በዚህ ሳይክል ላይ ፔዳሉ በዞረ ቁጥር ጭን መቀመጫውን ያሻል፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደርሼ ስመለስ ሁለቱም ጭኔ ተልጦ ነበር። በመርፌው ቀዳዳ በኩልም ውሃው እንደገና ገባ። ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ተተረተረ።

እኚህ አባት ጋ ስሄድ ገልብጠው አዩት።

"ይሄ የምንድን ነው ልጄ?"

"የሳይክል ነው አባባ፣ ባለ አንድ ጎማ።"

"በምኑ ትይዘዋለህ ታዲያ?"

"አይያዝም።"

"ኧረ አላህ ይጠብቅህ!" አሉና ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። "አብሽር፣ ይሠራል። ግን ከላይ አልለጥፍም። ገፍፌ ነው የማለብሰው።"

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አሮጌውን ልብስ የያዙትን የዛጉ የስቴፕለር ሽቦዎች በካቻቢቴ አንድ በአንድ ነቀሉ። ልብሱን አልጣሉትም፤ ስፌቱን ፈትተው አዲሱ ቁራጭ ላይ ዘረጉት፣ በጠመኔ ዙሪያውን አሠመሩ፣ ከታች ለመታጠፊያ ሁለት ጣት ተርፎ ተቆረጠ። ስፖንጁን ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ሳይደርቅ አላለብስም ብለው ድርቅ አሉ፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከተዘጋ ይሸታል፣ ይበሰብሳልም። የተበላውን አፍንጫ ቆርጠው አወጡና ጠንከር ያለ የባጃጅ ወንበር ስፖንጅ ተኩበት። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀቡ፣ ጣት ሲነካው መያዙን እስኪተው ጠበቁ፣ ከዚያ ነው የተጫኑት።

እኔ እውነተኛ ቆዳ ፈልጌ ነበር። የቆዳ ፋብሪካ ያላት ኮምቦልቻ እዚሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድ ብላ እያለች ለምን በሰው ሠራሽ ይለበሳል ብዬ። እሳቸው ግን እንቢ አሉ፤ ቆዳ ዝናብ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለባጃጅ የምንሰፋው ጀርባው ጨርቅ የሆነው ይሻልሃል አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ፀሐይ ላይ ትንሽ ካለሰለሱት በኋላ መጀመሪያ አፍንጫና ጭራውን ወጥረው ያዙ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን በየተራ፣ በመዳፋቸው እየዳበሱ። አንዲት ሽብሽብ የለውም። ሽቦውም አጭር ነው፤ የታችኛው ፕላስቲክ ስስ ስለሆነ ረዥም ቢመቱበት ተበስቶ ይወጣል። ስፌት ጭን በሚያልፍበት ቦታ አንድም የለም።

በጣም ደስ ያለኝ መከላከያው ነው። ለበረባሶ ከሚሆን አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው በድሮው የብሎን ቀዳዳ አሰሩልኝ። ሁለት ወር ሆነው፤ ስንት ጊዜ ወድቋል፣ ጎማው ተፋፍቋል፣ ልብሱ ግን አልተነካም።

ያልወደድኩትም አለ። ነገ ውሰድ ብለውኝ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ልብሱም ልሙጥ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ያንሸራትታል። ሸካራ ያለው እንዳላቸው በኋላ ነው ያየሁት፣ እናንተ ገና ስትሰጡ እሱን ጠይቁ። የከፈልኩት 700 ብር ነው፣ ስፖንጁም ጎማውም ማስቲሹም በዚሁ ውስጥ። ለሠሩት ሥራ ውድ አይደለም።

ስትሄዱ ሳይክሉን አትጎትቱ፣ አራቱን ብሎን ፈትታችሁ መቀመጫውን ብቻ ውሰዱ፤ ዳዶና ሮንዴላውን በፌስታል ቋጥራችሁ ቤት አስቀምጡ። አርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚገኙት።